ጠጅ በብርሌ፣ ኤል በበርሜል

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አበው። መጠጥ ከሚቀርብበት ዕቃ፣ ቁም ነገርም ከሚነገርበት ስልት ተነጥሎ እንደማይታይ ሲያስረዱ ነው። ጉምና ካፊያ በማይለየው የእንግሊዞች ደሴት ይኸው ሐሳብ ከምሳሌነት አልፎ የአንድ ሰፊ ማኅበር መተዳደሪያ ለመሆን በቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት እንግሊዛውያን ወዳጆች በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በኬሪ አውራጃ ለዕረፍት ሳሉ የመሠረቱትና በኋላ «ካምራ» በሚል ምኅጻረ ቃል የታወቀው ማኅበር «እውነተኛ ኤል» ምን ማለት እንደሆነ ሲበይን፣ ስለ ግብዓቱ «ባህላዊ» ከማለት ያለፈ ዝርዝር ሳይሰጥ ሙሉ ክብደቱን የጣለው በበርሜሉ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ፍላት በሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ የጨረሰና ከውጭ በተጨመረ ጋዝ ሳይገፋ የሚቀዳ መጠጥ እውነተኛ ነው፤ ከዚህ የወጣው አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤል የቢራ ወገን ነው። እርሾው ወደ ላይ እየገነፈለ፣ ለብ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይፈላል። ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ናይሮቢ በጠርሙስ የሚሸጠው ቢራ በአብዛኛው ላገር የተባለው ሌላው ወገን ሲሆን እርሱ በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚፈላና ለረጅም ጊዜ የሚያርፍ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሰፊ ክፍል በእንግሊዞች ሥር ቢቆይም፣ የእንግሊዞቹ የራሳቸው መጠጥ በአካባቢው ሥር ሳይሰድ ቀርቷል። ስለዚህም ኤል ለዚህ አካባቢ አንባቢ ከምላሱ ይልቅ በወሬ የሚታወቅ ነው። ወሬው ደግሞ ብዙ ነው፤ ከወሬው መካከል እውነተኛውን ለይቶ ማውጣት የታሪክ ጸሐፍትን ረጅም ድካም ጠይቋል።

ለመሆኑ ባህላዊ የሚባለው የእንግሊዝ ኤል ባህልነቱ ከየትኛው ዘመን ይጀምራል? የሚጠበቀውስ ምኑ ነው፤ ጣዕሙ፣ ዕቃው ወይስ ተረቱ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆን ነገር ያቀረቡ ሦስት ሰዎች በተለይ ሊመረመሩ ይገባል። ታሪክ ተመራማሪዋ ጁዲት ቤኔት በ1996 ባሳተመችው የእንግሊዝ ጠማቂ ሴቶች ታሪክ፣ ጋዜጠኛው ማርቲን ኮርኔል በ2003 እና በ2010 በወጡት መጻሕፍቱ፣ እንዲሁም በ1977 የዓለምን ቢራዎች የሚያስተዋውቀውን መጽሐፍ ያወጣው ዮርክሻየሬው ማይክል ጃክሰን። ይህ ጃክሰን ስሙን ከዝነኛው ዘፋኝ ጋር ይጋራል እንጂ ሌላ ሰው ነው፤ በ2007 አርፏል።

ጌሾ ያልነካው መጠጥ

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤልና ቢራ ሁለት የተለያዩ መጠጦች ነበሩ። ኤል በመሠረቱ ከብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ የሚጠመቅ፣ ወፈር ያለ፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላና በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚኮመጥጥ ነበር። ቢራ ግን ሆፕስ የተባለው መራራ አበባ የገባበት ሲሆን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መጀመሪያ ገደማ ከባሕር ማዶ፣ ከዛሬዎቹ ቤልጅየምና ሆላንድ አካባቢ የመጣ እንግዳ ነበር። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት ሆፕስ ለቢራ ይሰጠዋል፤ ከመበላሸትም ይጠብቀዋል። እንግዲህ የጥንቱ እንግሊዛዊ ኤል ጌሾ ያልነካው ጠላ ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ሐኪሙ አንድሩ ቡርድ በ1540ዎቹ ስለ አመጋገብ በጻፈው መጽሐፍ፣ ኤል ለእንግሊዛዊ የተፈጥሮ መጠጡ እንደሆነ፣ ቢራ ግን ለደቾች የሚስማማና ሰውን የሚያወፍር እንደሆነ አስረግጦ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝነት መለያ ተደርጎ የሚወደሰው የኬንት አውራጃ ሆፕስ በዚያን ዘመን የመጤ ጣዕም ነበር ማለት ነው።

የቤኔት መጽሐፍ ትልቁ ውለታ ይህን ኤል ማን ይጠምቀው እንደነበር ማሳየቱ ነው። ከ1348ቱ ታላቅ ወረርሽኝ በፊት ጠመቃ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። ባለትዳሯም፣ ባሏ የሞተባትም፣ ያላገባችውም ለቤቷ ትጠምቃለች፤ የተረፈውን ለጎረቤት ትሸጣለች። ኤል መድረሱን ለማስታወቅ ከደጅ ላይ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ይሰቀላል። በኢትዮጵያ ከተሞች ዳርቻ ጣሳ የተደፋበትን እንጨት አይቶ ወደ ጠላ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን ምልክት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወጣው የዳቦና የኤል ድንጋጌ ዋጋውን ከእህሉ ዋጋ ጋር አቆራኘ፤ በየመንደሩም ኤል እየቀመሱ ጥራቱን የሚመሰክሩ ሹሞች ተሾሙ። በብዙ ቦታ ጠማቂዋ ያጠፋችውም ያላጠፋችውም ፍርድ ቤት ቀርባ መጠነኛ መቀጫ ትከፍል ነበር። መቀጫው በስሙ ቅጣት ቢሆንም በተግባር የሥራ ፈቃድ ክፍያ ነበር።

የእነዚያ ሴቶች ስም እስከ ዛሬ የቆየው በዚሁ መቀጫ ምክንያት ነው። ቤኔት እንደ ብሪግስቶክ ያሉ መንደሮችን የፍርድ ቤት ጥቅሎች አገላብጣ፣ ማንም ሊያወድሳቸው ሳያስብ የተጻፉትን ስሞች ቆጥራ ታሪካቸውን መልሳ አቁማለች። በ1600 ገደማ ግን ሥራው በአብዛኛው በወንዶች እጅ ገብቶ ነበር። ሆፕስ የገባበት ቢራ ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚቆይ ነገር ሩቅ ይጓዛል፤ ሩቅ የሚጓዝ ነገር ደግሞ ትልቅ ጋን፣ ብዙ ማገዶ፣ ሠራተኛና ዱቤ ይፈልጋል። ባለትዳር ሴት በሕጉ ፊት በስሟ ለመበደርና ለመዋዋል ያላት መብት ጠባብ ነበር፤ የከተማው የሙያ ማኅበርም የወንዶች መድረክ ነበር። ሥራው ትርፍ ማምጣት ሲጀምር ሴቶቹ ወጡ።

ቤኔት ይህን ስትተርክ የወርቅ ዘመን ጠፋ ብላ አታለቅስም። ቀድሞም ቢሆን ሥራው ዝቅ ተደርጎ የሚታይና ክፍያው አነስተኛ እንደነበር፣ ዓለም ሲለወጥ የሴቶቹ ቦታ ግን ከታች እንደጸና ትከራከራለች። በዚያ ላይ ስድብ ነበረባቸው። ገጣሚው ጆን ስኬልተን በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤል የምትሸጥን ሴት መሳለቂያ አድርጎ ረጅም ግጥም ጽፎባታል፤ በሉድሎው ከተማ ቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም መስፈሪያዋን እንደያዘች በአጋንንት ወደ ሲኦል የምትወሰድ ኤል ሻጭ ከእንጨት ተቀርጻ ትታያለች። የመጽሐፉ ጉድለት ሌላ ነው። ስለ ጠማቂዋ ብዙ የሚናገረው መጽሐፍ ስለ ጥንስሱ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አንባቢው የሴቲቱን ዕዳና መቀጫ አውቆ ሲነሣ ኤሏ በአፍ ውስጥ ምን ይመስል እንደነበር በጭላንጭል ብቻ ያያል። ይህ ግን የደራሲዋ ስንፍና አይደለም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጣዕም አይመዘግብም።

የመርከቡ ተረት

ስለ እንግሊዝ ኤል ከሚነገሩት ወሬዎች ሁሉ የታወቀው የሕንድ ፈዛዛ ኤል ወሬ ነው። ጆርጅ ሆጅሰን የተባለ የለንደን ጠማቂ ወደ ሕንድ በሚወስደው የወራት ጉዞ ቢራው እየተበላሸ ቢያስቸግረው፣ ጠንካራና ሆፕስ የበዛበት ልዩ ኤል ፈለሰፈ ይባላል። ታሪኩ ያምራል፤ ችግር አለ፣ ብልሃተኛ አለ፣ ባሕር አለ። ኮርኔል ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ይህን ውብ ሕንጻ ያፈርሰዋል። ወደ ሞቃት አገር ለሚላክ ቢራ ሆፕስ መጨመር እንደሚገባ ከ1760ዎቹ ጀምሮ ለጠማቂዎች ይመከር ነበር። ጥቁሩ ፖርተርም ወደ ሕንድ ሄዶ በሰላም ይደርስ ነበር፤ ተራው ወታደር የሚጠጣውም ይበልጡን ይህንኑ ነበር። ፈዛዛው ኤል በዘመኑ መለኪያ ልዩ ጥንካሬ አልነበረውም። የሆጅሰን ዕድል የጠመቃ ቤቱ በቦው፣ ማለትም የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከቦች ከሚጫኑበት ወደብ አጠገብ መሆኑና ለመርከብ አዛዦቹ ረጅም የዱቤ ጊዜ መስጠቱ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የበርተን ከተማ ነው። የአልሶፕ ጠመቃ ቤት በ1822 ሩሲያ ባወጣችው ከባድ ቀረጥ ገበያውን ቢያጣ ፊቱን ወደ ሕንድ አዞረ፤ ባስ እና ሌሎችም ተከተሉ። የበርተን የጉድጓድ ውሃ ጂፕሰም የሞላበት በመሆኑ የሆፕሱን ምሬት አጥርቶ ያወጣል፤ ከብርጭቆው ላይም ክብሪት ሲጫር እንደሚሸተው ያለ ቀጭን የድኝ ሽታ ያስነሣል። የባስ ቀይ ሦስት ማዕዘን በጥር 1 ቀን 1876 በብሪታንያ በመጀመሪያ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆነ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ በ1882 የፓሪስን መጠጥ ቤት ሲሥል ያንኑ ምልክት የለጠፉ ጠርሙሶች በባንኮኒው ላይ ደርድሯል።

ፖርተርም የራሱ ተረት አለው። በ1722 ራልፍ ሃርዉድ የተባለ ሰው ፈጠረው የሚለው ወሬ በተመራማሪዎች ዘንድ ዋጋ አጥቷል። የማይካደው ግን ፖርተር ጠመቃን ከጓዳ አውጥቶ ወደ ግዙፍ ኢንዱስትሪ መለወጡ ነው። የዚያን ግዝፈት ዋጋ የከፈሉት ድሆች ነበሩ። በጥቅምት 17 ቀን 1814 በለንደን የሚዩ ጠመቃ ቤት አንድ ታላቅ የእንጨት ማጠራቀሚያ ፈንድቶ፣ የፖርተሩ ጎርፍ የቅዱስ ጊልስን የድሆች መንደር መታ። 8 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል በምድር ቤት ተሰብስበው የሕፃን ለቅሶ ላይ የነበሩ ይገኙበታል። አስከሬን መርማሪው ሸንጎ ማንንም ተጠያቂ አላደረገም፤ ኩባንያው ግን ለፈሰሰው ቢራ አስቀድሞ የከፈለው ቀረጥ ተመለሰለት። ስለ ኤልና ፖርተር ውበት የሚጻፍ ታሪክ ይህን ቀን ከዘለለ ጎደሎ ነው።

ኮርኔል በዚህ ሁሉ ታማኝ መሪ ነው። ቅሬታ የሚነሣበት አፍራሽነቱ ሲያይል ነው። «ይህም አልነበረም፣ ያም ውሸት ነው» የሚለው ድምፅ ሲደጋገም አንባቢው ተረቱ ለምን እንደተወደደ መጠየቅ ይጀምራል። ጠማቂ ሴቶች ባለሾጣጣ ባርኔጣ ነበሩና የጠንቋይ ሥዕል የመጣው ከእነርሱ ነው የሚለው፣ በየቦታው የሚደጋገመውና ከዘመኑ ማስረጃ የሌለው ወሬም እንዲሁ ነው። ሰው መጠጡ አባት እንዲኖረው ይፈልጋል። ነጋዴም ይህን ስለሚያውቅ ተረቱን በጠርሙስ ላይ ለጥፎ ይሸጠዋል። ተረትን ማፍረስ የታሪክ ጸሐፊ ግዴታ ነው፤ ተረቱ ማንን እንደጠቀመ ማሳየት ደግሞ የሂሱ ግማሽ ነው።

ጦርነት ያሳነሰው ብርጭቆ

ዛሬ አንድ ጎብኚ በእንግሊዝ መጠጥ ቤት ገብቶ ባህላዊውን ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚቀዳለት «ቢተር» ነው፤ መዳብ መሰል ቀለም ያለው፣ አልኮሉ ከ4 በመቶ ብዙም የማይርቅ። ይህ መጠጥ የጥንት ይምሰል እንጂ በዚህ መልኩ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። ከ1914 በፊት የእንግሊዝ ቢራ ያልፈላ ጥንስስ አማካይ ክብደት 1052 ገደማ ነበር፤ በ1918 ወደ 1030 ገደማ ወረደ። እህል ለዳቦ ተፈለገ፤ ቀረጥ ከፍ አለ፤ መንግሥት በ1915 የመጠጥ ንግድን የሚቆጣጠር ቦርድ አቋቋመ። በካርላይል አካባቢም በ1916 ጠመቃ ቤቶችንና መጠጥ ቤቶችን ወርሶ እስከ 1973 ድረስ ራሱ አስተዳደራቸው። ጦርነቱ አለፈ፤ የቀድሞው ጥንካሬ ግን አልተመለሰም።

ጣዕሙም ተለውጧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለወራት ወይም ለዓመት በእንጨት ዕቃ ያረፈ ኤል ይከበር ነበር። በ1904 የካርልስበርጉ ተመራማሪ ክላውሰን ለዚያ መጠጥ ልዩ ጠባዩን የሚሰጠውን የዱር እርሾ ለይቶ፣ ከእንግሊዝ ቢራ ስላገኘው ስሙን «የብሪታንያ ፈንገስ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ሰየመው። ያ የቆዳና የጋጣ ሽታ በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ኤል ማረጋገጫ ነበር። ዛሬ በአንድ የሰሴክስ ወይም የዮርክሻየር ቢተር ውስጥ ቢገኝ ግን ብርጭቆው እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ይመለሳል። ባህል የሚባለው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ያወድስ የነበረውን ሽታ ዛሬ ይኮንናል።

ይህ ማለት ግን ቢተር ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ጠማቂዎቹ ችግሩን ጥበብ አድርገውታል። በትንሽ አልኮል ብዙ ጣዕም ማኖር፣ ሰው ሳይሰክር ሁለት ሦስት ብርጭቆ ይዞ አመሻሹን በጨዋታ እንዲያሳልፍ ማስቻል ከባድ ሙያ ነው። የተወለደበት ዘመን ቅርብ መሆኑ ክብሩን አይቀንስም፤ ጥንታዊነቱን እንጂ።

በዕቃ የተበየነ እውነት

በ1960ዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ትንንሾቹን እየዋጡ ገበያውን ስድስት ያህል ሆነው ተቆጣጠሩት። ተጣርቶ፣ በሙቀት ታክሞ፣ በጋዝ ግፊት ከብረት ዕቃ የሚቀዳ ቢራ በየቦታው ተተከለ፤ የዋትኒ ኩባንያ «ቀይ በርሜል» የዚህ ዘመን ምሳሌ ሆኖ ይታወሳል። ይህ ቢራ ለአሻሻጩ ምቹ ነው፤ አይበላሽም፣ ሙያ አይጠይቅም፣ በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ካምራ የተነሣው ይህን አንድ ዓይነትነት ለመቃወም ነበር። በ1974 የመጠጥ ቤቶች መምሪያውን አወጣ፤ በ1977 በለንደን አሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት ታላቁን የቢራ ፌስቲቫል ጀመረ፤ አባላቱም ከ100 ሺህ በላይ ደረሱ። ገዢ ኩባንያዎችን ያስገደደ የጠጪዎች ማኅበር በታሪክ ብዙ አይገኝም።

ይሁንና ብያኔው የራሱን ጣጣ አስከትሏል። በዕቃው የተበየነ እውነት ግድየለሽ ጠማቂ የጠመቀውን ኮምጣጣ ኤል በበርሜል ስለሆነ «እውነተኛ» ይለዋል፤ ጥበበኛ ጠማቂ የጠመቀውን ምርጥ ቢራ በሌላ ዕቃ ስለሆነ ይነፍገዋል። በርሜል ሲጋመስ አየር ገብቶ ኤሉን እንዳያበላሽ ስስ የጋዝ ሽፋን የሚያለብሰው መሣሪያ እንኳ በማኅበሩ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲወገዝ ቆይቶ ተቃውሞው የተነሣው በ2018 ነበር። በዚያው ዓመት ማኅበሩ ስለ ማናቸውም ዓይነት ቢራ እንዲያስተምር የቀረበው ሐሳብ አብዛኛው አባል ቢደግፈውም የሚያስፈልገውን ሦስት አራተኛ ድምፅ ሳያገኝ ወደቀ።

ብያኔውን የሚከላከል ሰውም ብርቱ ክርክር አለው። ጣዕም በዳኛ ፊት አይቆምም፤ በርሜል ግን ይቆማል። መሥመሩ የሚታይና የሚዳሰስ ባይሆን ኖሮ ማንኛውም ኩባንያ የፋብሪካ ምርቱን «ባህላዊ» ብሎ ለመሸጥ አንድ ቀን አይፈጅበትም ነበር። ደግሞም በርሜሉ ባዶ ዕቃ አይደለም፤ ሙያ ይዞ ይመጣል። ያን ሙያ የተመለከተ ሰው ብያኔው ለምን በዕቃ ላይ እንደተመሠረተ ይረዳል።

ከምድር ቤት እስከ ምላስ

ኤል ከጠመቃ ቤት ሲወጣ አላለቀም። በውስጡ ሕያው እርሾ አለ። 9 ጋሎን ወይም 72 ፓይንት የሚይዘው የተለመደው በርሜል በመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት በጎኑ ተጋድሞ ያርፋል፤ ከዓሣ ፊኛ የሚሠራ ማጥሪያ እርሾውን ወደ ሥር ይጎትተዋል። በላዩ ባለው ቀዳዳ በመጀመሪያ አየር የሚያስተነፍስ ለስላሳ ውታፍ፣ ቀጥሎ የሚዘጋ ጠንካራ ውታፍ ይደረጋል። ክፍሉ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ መሆን አለበት። የእንግሊዝ ቢራ ሞቃት ነው የሚለው ሐሜት ከዚህ የመጣ ነው፤ ሞቃት ሳይሆን ያልበረደ ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ ይኖርበታል፤ አለዚያ ይኮመጥጣል። የጠላ ባለሙያ ድፍድፉን ጠንስሳ፣ ውሃውን መልታ፣ ጋኑን ከድና ጉሹ የሚጠልበትን ቀን በአፍንጫዋ እንደምትለይ ሁሉ፣ የምድር ቤቱ ሠራተኛም ኤሉ የሚደርስበትን ሰዓት በልምድ ያውቃል።

ቀማሹ በመጀመሪያ በብርሃን ያየዋል፤ ጥርት ያለ ሊሆን ይገባል። ቀጥሎ ያሸትተዋል። ከብቅሉ፣ በተለይም በ1960ዎቹ ከወጣው ማሪስ ኦተር ከተባለው ገብስ፣ የብስኩትና የተጠበሰ ዳቦ ጠረን ይመጣል፤ ከእርሾው የፖምና የብርቱካን ማርማላታ የሚመስል ፍሬያማነት፤ ከጎልዲንግና ከፈግል ሆፕስ ደግሞ የአፈር፣ የአበባና የቅመም ሽታ። ከዚያ ይጎነጫል፤ ይውጣልም። ወይን ቀማሽ ሊተፋ ይችላል፤ የኤል ምሬት ግን ሙሉ መልኩ የሚታወቀው በጉሮሮ ሲያልፍ ነው ይባላል። የቅቤ ጠረን ከበዛ፣ የእርጥብ ካርቶን ወይም የኮምጣጤ ሽታ ካለ በርሜሉ ታሟል።

በሉዊስ ከተማ የሚጠመቀው የሃርቪስ ሰሴክስ ቤስት ብቅል የሞላበትና በአፍ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ነው። በኪይሊ የሚጠመቀው የቲሞቲ ቴይለር ላንድሎርድ ደግሞ አበባማና ስል ነው። ሁለቱም ባህላዊ ይባላሉ፤ ነገር ግን የዮርክሻየር ኩራት የሆነው የላንድሎርድ መዓዛ በከፊል የሚመጣው በስሎቬኒያ ከሚበቅል ሆፕስ ነው። በለንደን ቺስዊክ የሚጠመቀው የፉለርስ ኤልም ከ2019 ጀምሮ ባለቤቱ የጃፓኑ አሳሂ ነው። ሰሜኖቹ ኤሉን በቀዳዳ ክዳን አጥብቀው እየቀዱ ወፍራም አረፋ ያስነሡበታል፤ ደቡቦቹ ይህን ጣዕም ገዳይ ይሉታል። በአንድ ደሴት ውስጥ እንኳ ትክክለኛው አቀዳድ ስምምነት የለውም።

ማይክል ጃክሰን ለዚህ ሁሉ ቃላት ሰጥቷል። ከእርሱ በፊት ስለ ቢራ የሚጻፈው በአብዛኛው ወይ የንግድ ወሬ ወይ የመጠጥ ቤት ቀልድ ነበር። እርሱ ቢራን ከአገሩ፣ ከውሃውና ከሕዝቡ ጋር አያይዞ በክብር ጻፈ፤ በየዓይነቱም መደበ። ድክመቱ ከብርታቱ የሚወለድ ነው። መጽሐፍ አንዴ የመደበውን ተከታዮች እንደ ቀኖና ያዙት፤ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረው መጠጥ ቋሚ ሣጥን ውስጥ ገባ። የትናንቱ ፖርተር ከዛሬው ፖርተር፣ የሆጅሰን ዘመን ፈዛዛ ኤል ከዛሬው ጋር ስም እንጂ ጣዕም ላይጋራ ይችላል።

የሚቀረው ምንድን ነው?

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ በ2024 ታየ። በበርተን ከተማ ኤል በተያያዙ የባሉጥ በርሜሎች ረድፍ የሚፈላበትና እርሾው በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ ገንፍሎ በገንዳ የሚሰበሰብበት «ዩኒየን» የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስልት ነበር። በዚያ ስልት መጠመቅን እስከ መጨረሻው የያዘው የማርስተንስ ጠመቃ ቤት በዚያ ዓመት አቆመ። በርሜሎቹ በሙሉ የማገዶ ዕጣ እንዳይደርሳቸው አንዱ ረድፍ በደርቢሻየር ወዳለው የቶርንብሪጅ ጠመቃ ቤት ተወሰደ። ለዚህ ከተጉት ሰዎች ዋነኛው ደግሞ አሜሪካዊው የኒውዮርክ ጠማቂ ጋሬት ኦሊቨር ነበር። ባህሉን ሕንድ ድረስ የላከችው አገር የመጨረሻውን ዕቃ ለማዳን የባሕር ማዶ ሰው ድምፅ አስፈለጋት።

ከዚህ የሚወሰደው ፍርድ ግልጽ ይመስላል። ካምራ ዕቃውን ጠበቀ፤ በዚህም መጠጡን ከመጥፋት አተረፈ፤ ዕቃው ግን ብቻውን ታሪክን አይሸከምም። ጃክሰን ጣዕሙን ጻፈ፤ የጣዕሙን መለዋወጥ ግን ተከታዮቹ ዘነጉት። ኮርኔል ተረቱን አጠራ። ቤኔት የጠማቂዎቹን ስም ከመቀጫ መዝገብ አወጣች። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል የእንግሊዝ ኤል ታሪክ አንካሳ ይሆናል። በመዓርግ ቢቀመጡ ግን ቅድሚያው የቤኔት ነው፤ ምክንያቱም በርሜል ቢጠፋ እንደገና ይሠራል፣ ጣዕምም ቢጠፋ በሙከራ ይገመታል፣ የተረሳ ሰው ግን ካልተጻፈ አይመለስም።

በአፍሪካ ቀንድ ጠላ፣ ስዋና ጠጅ ዛሬም በሕይወት አሉ። የሚያዘጋጇቸውም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የጌሾው መጠን፣ የአሻሮው አቆላል፣ የጋኑ አጠናን ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ይተላለፋል። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ሊያዋርዳቸው የተቀመጠ ጸሐፊ ሳያስበው ለታሪክ አስቀምጧቸዋል። እዚህ ያችን የመሰለች መዝገብ እንኳ ለሁሉም መንደር አልተገኘችም። የፋብሪካው ጠርሙስ በየገጠሩ ሱቅ እየደረሰ በሄደ ቁጥር፣ ጋኑ ሙዚየም ገብቶ ጠማቂዋ ስም አልባ የምትቀርበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። አበው ጠጁን ከብርሌው አያይዘው መናገራቸው ትክክል ነው፤ ብርሌውን የሚያነሣ ግን ጠጁን የጣለችውን ሴት ስም ጠይቆ ቢጽፍ ለሚቀጥለው ትውልድ ከብርሌው የሚበልጥ ነገር ያወርሳል።